ልጄ ኮምፒውተሩን ልለውጥ ይላል፣ አባቱ አያስነካም

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ በጡረታ ላይ ያለ የታሪክ መምህር ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ውስጥ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ አሜሪካ ያለችው እህቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የላከችልን። ባለቤቴ ስለ ትውልድ አገሩ ስለ መንዝና ስለ ቤተሰቡ የዘር ሐረግ የሚጽፈው በእርሱ ነው፤ የሚተይበውም ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። እኔም የሴቶች እድራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆንሁ ሒሳቡን በኤክሴል እይዝበታለሁ፤ ዝርዝሩንም በፕሪንተር አትሜ ለአባላት አድላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከእህቴ ጋር በቴሌግራም እየተያየን እናወራበታለን።

ላፕቶፑ ግን ደክሟል። ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቡና ተፈልቶ አቦል ይጠጣል። በቅርቡ ደግሞ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል የሚል ማሳሰቢያ ይመጣበታል። ልጄ ለዕረፍት መጥቶ ሲያየው «ይህ ከእንግዲህ አያስተማምንም፣ ዊንዶውስ 11ንም አይቀበልም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጭንላችኋለሁ፤ ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው» አለ። አባቱ «አይነካም» አለ። ልጄ ሊያስረዳው ሞከረና በመካከሉ «አባዬ፣ ፓወር ግዕዝ እኮ ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ የለም» አለው። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልመለሰም። ላፕቶፑን ዘግቶ መኝታ ቤት ወስዶ አስቀመጠው።

ባለቤቴ የፈራውን አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላፕቶፑ ተበላሽቶ ለጥገና ሰጥተነው ነበር፤ የሠራው ሰው ሳይጠይቀን ፎርማት አድርጎ መለሰልን። ባለቤቴ ከአጎቱ አፍ እየሰማ የጻፈው በሙሉ ጠፋ። አጎቱ በዚያው ዓመት ዐርፈው ስለነበር ተመልሶ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ያን ሰሞን ባለቤቴ ምግብ እንኳን በወጉ አልበላም።

አሁን አባትና ልጅ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ሁለቱም የሚያወሩት ለእኔ ነው። ልጄ «አንቺ ብቻ ፍቀጂልኝ፤ አባዬ ሳይኖር በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ። ሲያየው ይወደዋል» ይለኛል። ባለቤቴ «ልጅሽን ያዢልኝ» ይላል። ልጄ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የተማረውን ለቤቱ ሊያውል ሲነሣ ላሳፍረው አልፈልግም። ባለቤቴንም ዳግመኛ እንደዚያ ሆኖ ማየት አልችልም። ምን ባደርግ ይሻላል?

በሁለቱ መካከል የቆምሁ፣ ከደብረ ብርሃን

ውድ እህቴ፣

ሌላው ሁሉ ይቆይና ልጅዎ «አባዬ ሳይኖር» ያለውን እባክዎ እሺ አይበሉት። ሥራው ያለ እንከን ቢጠናቀቅ፣ ፋይሎቹም ሁሉ በየቦታቸው ቢገኙ እንኳን፣ ባለቤትዎ ላፕቶፑን ሲከፍቱ የሚታያቸው ፍጥነቱ አይሆንም። ያኔ ሳይጠየቁ የተደረገባቸው ነገር አሁን በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው እጅ፣ በእርስዎ ፈቃድ ተደግሞ ያገኙታል። ልጅዎ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረበው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወጣት ነው፣ ሥራውን እንደሚችለው ያውቃል፣ ውጤቱ ሁሉን ያስረሳል ብሎ ያምናል። ግን አያስረሳም።

ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብሁት የአጎትየውን ነገር ነው። ባለቤትዎ የሚጠብቁት ከሰው አፍ ወስደው ያስቀመጡትንና ሰውየው ካለፈ በኋላ የትም የማይገኝ ቃል ነው። ይህን በዐይኑ ያየ ሰው «አይነካም» ቢል ልፈርድበት አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ ልጅዎ ይህን ታሪክ ያውቀዋል? ፋይሉ በጠፋ ጊዜ ልጅ ነበር። ላፕቶፑ መበላሸቱን ያስታውስ ይሆናል፤ አባቱ ምግብ ያልበሉበትን ሰሞን ግን ምናልባት ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። አባቱ የሚጽፉትንስ አንብቦት ያውቃል? ካላነበበ እርሱ የሚያየው የቀዘቀዘ ማሽን ነው፤ ውስጡ ያለውን አላየም።

የልጅዎን ወገን ደግሞ እንይለት፤ ምክንያቱም በአብዛኛው እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ በማግስቱ ይቆማል ማለት አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም ማለት ነው፤ እንደ ቀድሞው ይሠራል፣ ነገር ግን ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ መጠን ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማስቀመጫ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ማይክሮሶፍት ከፈቀዳቸው ፕሮሰሰሮች አንዱን ይፈልጋል። ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች የተፈቀዱት በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ላፕቶፕ ይህን ያሟላል ብዬ አልጠብቅም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን እንዲህ ላለው ማሽን ይስማማል፤ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ 4 ካገኘ ደግሞ በደንብ ይሠራል። ገንዘብ አይጠየቅበትም። መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። በየሱቁና በየማተሚያ ቤቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው፣ ፎልደሩን ሁሉ አቋራጭ ምልክት የሚያደርገው ቫይረስም ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ሊኑክስ ላይ አይነሣም።

ሁለት ነገሮች ግን ተደባልቀውበታል። የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። ላፕቶፑ ቡና እስኪፈላ የሚያስጠብቀው በዊንዶውስ ብቻ ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ብዙዎቹ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያላቸው ናቸው፤ ኤስኤስዲ በሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ ቢተካ ዊንዶውሱም ራሱ ይፈጥናል። ሁለተኛው ጥድፊያው ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ የሚዘልቅ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል፤ ማሽኑን እዚያ ውስጥ ማስመዝገብ ይቻላል። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላለቀ የሚያስፈራ ነገር የለም። ይህን ለሁለቱም ቢነግሩ የቤቱ አየር በመጠኑ የሚቀል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፓወር ግዕዝ ልምጣ፤ ባለቤትዎ የተጎዱት እዚህ ላይ ነውና።

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያስገቡ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ፊደሎቹን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ አስቀመጧቸው፤ ያም አጻጻፍ ከ1999 በኋላ በየቢሮውና በየቤቱ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። እንዲህ በተጻፈ ፋይል ውስጥ በእውነት ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የምልክት ጋጋታ ይቀራል። ልጅዎ «ጊዜው አልፎበታል» ያለው ይህን አስቦ ከሆነ ነገሩ ትክክል ነው። ያለበት ሁኔታ ግን ትክክል አልነበረም። አባቱ በአማርኛ መተየብ የተማሩት መንገዱ ይህ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ያንን ያህል ገጽም የጻፉት በእርሱ ነው። ለዚህ ምስጋና እንጂ «እንዲህ የሚጽፍ የለም» መባል አይገባቸውም ነበር። ልጅዎ ይህን ሲያስብበት ራሱ የሚያፍር ይመስለኛል፤ እርስዎ መውቀስ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን ከፍርሃቱ የሚከብድ ነገር አለ። ሊኑክስ ተጫነም አልተጫነም፣ ጽሑፎቹ በዚያ አሮጌ መንገድ ተቀምጠው ከሆነ ዛሬም አደጋ ላይ ናቸው። ነገ ዲስኩ ቢሞት ወይም የልጅ ልጃችሁ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ሌላ ማሽን ላይ ቢከፍተው ላያነበው ይችላል። ልጅዎ ለአባቱ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህንን ማዳን ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከእኔ ምክር አንዱን ብቻ ይያዙ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

በምን ይታወቃል ይሉ ይሆናል። ቀላል ነው። ባለቤትዎ ከጽሑፋቸው አንድ መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለእርስዎ ይላኩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከደረሰ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ ሊኑክስም ላይ፣ ስልክም ላይ ይነበባል፤ ቢበዛ ፎንቱ ሲለወጥ የገጾቹ አቆራረጥ ይዛነፋል። የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ሆኖ ከደረሰ የድሮው ዓይነት ነው። ሁለቱም ተቀላቅለው ሊገኙም ይችላሉ፤ የኋለኞቹ የፓወር ግዕዝ ስሪቶች በዩኒኮድም ይጽፋሉና የቅርቡ ጽሑፍ ከጥንቱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ከየዓመቱ ፋይል ላይ ይደረግ። ባለቤትዎ ራሳቸው ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ልጃቸው ከጎን ተቀምጦ፣ መዳፊቱ ግን በእርሳቸው እጅ ሆኖ።

የድሮው ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ገና ዊንዶውሱ ላይ እያሉ እያንዳንዱን ጽሑፍ ወርድ ውስጥ ከፍቶ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን ከነመልኩ ይዞ ስለሚቀመጥ የትም ይነበባል፤ በቀላሉ ሊታረም ግን አይችልም። እንዲታረም ከተፈለገ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ይህን የሚሠሩ መቀየሪያዎች አሉ፤ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ፈልጎ ማግኘትና መሞከር ልጅዎ የተማረው ሥራ ነው። መቀየሪያ ግን ፊደል ሊስት ወይም ሥርዓተ ነጥብ ሊያበላሽ ስለሚችል የተቀየረው ገጽ ከፒዲኤፉ ጋር እየተስተያየ መነበብ አለበት። ማን ያንብበው? አባት ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ልጅ ያርም። የመንዝ ቦታዎችን ስምና የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ልጅዎ ብቻውን ሆኖ ማረም አይችልም፤ አባቱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። በዚያው ደግሞ ባለቤትዎ ከአጎታቸው ከሰሙት የሚያስታውሱት ካለ ልጅዎ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅረጽ። የጠፋው ሁሉ አይመለስም፤ ከፊሉ ግን ገና በባለቤትዎ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ ፋይሉ ሁሉ፣ የእርስዎ የእድር ሒሳብም ጭምር፣ በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው ዘመድ ዘንድ ወይም አሜሪካ ላሉት እህትዎ ይላክ። ቅጂዎቹ በትክክል መከፈታቸውን ባለቤትዎ በዐይናቸው ያረጋግጡ። «ገልብጫለሁ፣ አታስብ» መባል ለእርሳቸው በቂ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም።

ይህ ካለቀ በኋላ ስለ ሊኑክስ ማውራት ይቻላል። ደስ የሚለው ነገር ሳይጫን መሞከር መቻሉ ነው። ልጅዎ ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ ያዘጋጃል፤ ወደ ሦስት ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን ዋይፋይ ባለበት ቢያወርደው ይቆጥባል። ላፕቶፑ ከዚያ ፍላሽ ሲነሣ ሊኑክስ ይከፈታል፤ ዲስኩ ላይ ያለው አይነካም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ፍላሹ ሲዘጋጅ ውስጡ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይሁን፤ የባለቤትዎ ፍላሽ በስሕተት እንዳይወሰድ። በሙከራው ጊዜ ገጹ ላይ ለመጫን የሚጋብዘውን ምልክት ማንም አይጫነው። ደግሞም በሙከራ ላይ የተጻፈ ነገር ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ባለቤትዎ አንድ አንቀጽ እንኳን ቢጽፉ ሌላ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ይህን የመጨረሻውን ልጅዎ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ በመጀመሪያው ምሽት የጻፉት ቢጠፋባቸው ሁለተኛ ምሽት አይኖርም። ከፍላሽ ሲሠራ ዝግ እንደሚልም ይወቁ።

በዚህ ሙከራ ላይ እርስዎም ተራ ይውሰዱ። የእድሩን ፋይል ሊኑክስ ላይ በኤክሴል ፈንታ በሚሠራው በሊብሬ ኦፊስ ይክፈቱት፤ መደመርና መቀነስ ብቻ ከሆነ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ማክሮ የሚባሉ ትእዛዞች ካሉበት ግን ላይሠራ ይችላል። ፕሪንተሩን ይሰኩና አንድ ገጽ ያትሙ፤ አንዳንዱ ወዲያው ይሠራል፣ ለአንዳንዱ ግን ድራይቨር የሚባል፣ ከአምራቹ የሚወርድ ማገናኛ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህ ዝርዝሩ ከሚታደልበት ቀን በፊት ቢታወቅ ይሻላል። ቴሌግራም ለሊኑክስም የተዘጋጀ ስላለው ከእህትዎ ጋር ማውራቱ አይቋረጥም። ባለቤትዎ ደግሞ ይተይቡ። ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እንዳለ አይሄድላቸውም፤ ኪማን የሚባለው ነጻ የመጻፊያ ፕሮግራም ግን ለሊኑክስም አለ፣ የፊደሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየተከተሉ የሚተየብባቸው የአማርኛ ገበታዎችም አሉት። አብዛኛው ፊደል ለጣታቸው ቅርብ ይሆናል፤ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ኀ እና ሐ ላይ ግን ይቸገራሉ። ልጅዎ የቁልፎቹን ዝርዝር በትልቁ በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው።

ባለቤትዎ ሞክረው «ይሁን» ካሉ እንኳን የአሁኑ ዲስክ እንዲጠረግ አልመክርም። የላፕቶፑ ዲስክ የሚወልቅ ዓይነት ከሆነ አንድ ኤስኤስዲ ተገዝቶ በእርሱ ይተካ፤ ሊኑክሱም አዲሱ ላይ ይጫን። አሮጌው ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፓወር ግዕዙ፣ ከነፋይሎቹ ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤትዎ «መልሱልኝ» ያሉ ዕለት እርሱን መልሶ መግጠም ነው። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ፤ ግን ፍጥነቱም የሚገኘው ከዚሁ ስለሆነ ገንዘቡ ባክኗል አይባልም። ዊንዶውሱ ዲስኩን በቁልፍ የቆለፈው ከሆነ ልጅዎ ከመንቀሉ በፊት 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይገልብጥ።

«ይህን ሁሉ እንዴት ላንሣው?» ይሉኝ ይሆናል። በመካከል ሆነው የአንዱን ቃል ለሌላው ማመላለሱን ይተዉት፤ ያደከመዎት እርሱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ልጅዎን ለብቻው ይጥሩትና የአጎትየውን ታሪክ ሙሉውን ይንገሩት። ከዚያ ወደ አባቱ ሄዶ ስለ ሊኑክስ ምንም ሳያነሣ «አባዬ፣ ጽሑፍህ እንዳይጠፋ ላግዝህ፤ አንተ ሳትፈቅድ አንዲት ቁልፍ አልነካም» ይበላቸው። ባለቤትዎን ደግሞ እርስዎ «ልጁ ካለ ከአንተ ጋር ይሠራዋል፣ ከሄደ ግን ማን ያድንልናል?» ቢሏቸው ላፕቶፑ ከመኝታ ቤት የሚወጣ ይመስለኛል።

በመጨረሻም «ዊንዶውሴን አልለቅም» ካሉ ይከበርላቸው። ተጨማሪው ማሻሻያ ይመዝገብላቸው። ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ነጥለው ለጽሑፍ ብቻ ሊያውሉት ይችላሉ፤ ከእህትዎ ጋር የሚያወሩት በስልክ ይሆናል፣ የእድሩንም ሒሳብ እዚያው መያዝ አይከለከሉም። ልጅዎ እንዲህ ሆኖ ቢቀርም ሥራው ከንቱ አልሆነም፤ ጽሑፉን አድኗልና።

ሊኑክስ ከተጫነ ግን ልጅዎ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ያስቀምጥላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ይስጥ፣ በየሳምንቱም ችግር ካለ የሚደውልበትን አንድ ምሽት ይወስን። ፕሪንተሩ እምቢ ካለ ወይም የቴሌግራሙ ፈተና ግራ የሚያጋባ ነገር ካሳየ የፕሪንተሩን ዓይነትና ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት ስም ጨምረው ይጻፉልኝ።